የሠላሳ ሰከንድ ቆጠራ

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ የትከሻህ ሕመም ተሻለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጤና ጥያቄ የማይጀምር ደብዳቤ ስድብ ነው ትል ነበር። የጠየቅኩህ የእሷን ቃል አክብሬ ነው። ስድቡ ከታች ይመጣል፣ አትቸኩል።

እኛ ደህና ነን። የአባባ ፊት ከሰኞ ወዲህ ወዙ ተመልሷል። ትናንት ከአልጋው ወርዶ ያለ ማንም ድጋፍ እስከ መስኮቱ ሄደና ሲመለስ አሥራ አራት እርምጃ ነው አለኝ። ነርሶቹን ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁሙ እያለ መከራቸውን ያበላቸዋል። ከዚህ በላይ ስለ እሱ ማወቅ ከፈለግክ ስልክህን አንሳ። ሃያ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። መቁጠር ሥራዬ ነውና ቁጥር አልሳሳትም፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ረቡዕ የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር አንድ ፋይል ሰጥታኝ ኮፒ አድርጊና ለአጣሪ ኮሚቴው ጸሐፊ አድርሺልኝ አለችኝ። ኮፒ ማድረጊያው እንደ ልማዱ ወረቀት ነክሶ ቀረ። ከፍቼ ጎትቼ ሳወጣው ያንተን ፊርማ አየሁ። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የእኔ ሥራ በአንተ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ሳየው እንዴት ብዬ ዓይኔን ልመልስ? እንዲህ ይላል፦ «ነርሷ በትክክል እየቆጠረች ሳለ፣ ታካሚው አባቴ በመሆኑ ሥቃዩን ማየት ስላልቻልኩ፣ ሠላሳ ሳይሞላ በአሥራ ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ በራሴ ውሳኔ ፊኛውን አስተንፍሻለሁ። በነርሷ በኩል ምንም ጥፋት የለም።»

ምንም ጥፋት የለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ኮፒ ማድረጊያው ፊት ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ወረቀቱ ጫፉ ተጨማድዶ፣ ቀለሙ እጄ ላይ ለቆ ነበር። ለአባባ በአፍህ ስትነግረው ሰምቼ ነበር፤ በፊርማህ ጸንቶ ሳየው ግን ሌላ ነው። ማን ጠየቀህ? ማን ወከለህ? እኔ ምላስ የለኝም? እኔ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ መድኃኒት ስቆጥር፣ አንተ ዋናው ሐኪም ቢሮ ገብተህ በእኔ ቦታ ተናዘዝክ። ያውም የውሸት ኑዛዜ።

የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ከአምስቱ ሰዎች ሁለቱ የአስተዳደር ሰዎች ናቸው፤ ፊኛ ሲባሉ የልደት ፊኛ ነው የሚታያቸው። ስለዚህ የማስረዳውን መጀመሪያ በአንተ ላይ ልለማመደው። አውቀዋለሁ ብለህ አትዝለል፣ ሁሉንም አንብብ። ሃያ ሦስት ጊዜ ስልክ ያላነሳ ሰው ይህ ይነሰው?

እንዲህ እላቸዋለሁ። የጠበበ የልብ ደም ሥር ስንከፍት ታካሚው አይተኛም፤ ነቅቶ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነው የምንሠራለት። በእጅ አንጓው በኩል ቀጭን ሽቦ እስከ ልቡ ይገባል። በሽቦው ላይ የተጨማደደች ትንሽ ፊኛ ትሄዳለች፣ በፊኛዋ ላይ ደግሞ ስቴንት የምንላት እንደ ወንፊት የተሠራች የሽቦ ቱቦ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ዶክተሩ በእጅ ፓምፕ ፊኛዋን ሲነፋት ስቴንቷ ትከፈትና የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ፊኛዋ ተነፍታ እስካለች ድረስ ግን በዚያ ሥር ደም አያልፍም። ታካሚው ደረቱ ላይ ሰው የቆመበት ያህል ይሰማዋል። ጭቅጭቁ ሁሉ ታዲያ ለስንት ሰከንድ ትቆይ የሚለው ነው። ቶሎ ካስተነፈሷት ሥቃዩ ያጥራል፣ ስቴንቷ ግን በቅጡ ሳትለጠጥ ልትቀር ትችላለች። ካቆዩአት በደንብ ትከፈታለች፣ ሰውየው ግን ይሠቃያል፣ ልቡም ያለ ደም ይቆያል።

አንተ ከመምጣትህ በፊት ሁሉም በየፊናው ነበር። አንዱ አሥር ላይ ያቆማል፣ አንዱ ሃያ ላይ። ያ ቀልደኛው ዶክተር ደግሞ እኔ ታካሚው «ወይኔ» እስኪል ነው የምጠብቀው ይል ነበር፤ ቀልዱን ይሁን ምሩን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንተ ነህ ያን ሰማያዊ ደብተር ይዘህ የሁለት ዓመት ታካሚዎችን አንድ በአንድ የጻፍከው፤ ማን ለስንት ሰከንድ ተነፋለት፣ ማን ደህና ሆነ፣ ማን ደረቱን ይዞ ተመለሰ። በሌላው ዓለም ምን እንደሚባል አላውቅም፣ በእኛ ቤት ግን ተመላሾቹ አብዛኞቹ ከአሥራ አምስት በታች የቆመላቸው ነበሩ። ዋናው ሐኪም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ካነበበው በኋላ «ከሠላሳ ሰከንድ በታች የለም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ያን ቀን ኩራቴ ለሰፈር ይተርፍ ነበር።

ቆጠራው በድምፅ ይሁን ያልከውም አንተው ነህ። የግድግዳው ሰዓት ከጀርባዬ ነው፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ደግሞ አንቺ ጋ አልከኝ። ሌሎቹ ነርሶች በስልካችን እንያዝ ቢሉ ስቀህ፣ እህቴ ከስልክ ትበልጣለች አልካቸው። ከዚያ ወዲህ ስሜ ጠፍቶ «ቆጣሪ» ሆንኩ። ቀልደኛው ዶክተር ከጨረር የሚከላከለውን ሽርጡን በለበሰ ቁጥር፣ እንግዲህ እንደ ቤቴ የመብራት ቆጣሪ እንዳትሮጪብኝ ይለኛል። ሁላችንም እንስቃለን። እኔም እስቅ ነበር።

ለኮሚቴው የማልነግራቸው መቁጠሩን ከየት እንደተማርኩት ነው። እነሱ ምን ያደርግላቸዋል። አንተ ግን አስታውስ። አባባ የስፖርት መምህር በነበረበት ትምህርት ቤት የሯጭ ሰዓት የሚያዝበት ስቶፕ ዎች አንድ ብቻ ነበር፣ ሯጮቹ ግን ብዙ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ጎን ለጎን አቁሞ በአፍ ሰዓት መያዝ አስተማረን። አንድ በሉ፣ ከንፈራችሁን ግጠሙ፣ ከዚያ ሁለት በሉ። ከንፈር ካልገጠመ ሰከንዱ አልሞላም፤ ያልሞላ ሰከንድ ደግሞ የሌላውን ሯጭ ድል መስረቅ ነው ይል ነበር። ከሁለታችን አንተ ነበርክ ጎበዙ። ጀርባህን ሰጥተህ ደቂቃ ብትቆጥር ከስቶፕ ዎቹ ጋር እኩል ትደርሳለህ። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ እቀድም ነበር፤ ችኩል ናት እያለ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል።

ስቶፕ ዎቹን ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባባ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ አፌን ሳልከፍት አንተ እኔ ነኝ አልክ። የዓመቱን ሩጫ ከመስመር ውጪ ቆመህ ነው ያየኸው፤ ያውም ልታሸንፍ የምትችለውን። እኔ ደግሞ አጨብጫቢዎቹ መሀል ተቀምጬ ነበር፤ ማስቲካዬ እስኪመረኝ ሳኝክ ዋልኩ። ሰዎች ወንድምሽ ደግ ነው ይሉኛል። ደግ አይደለህም። ነጣቂ ነህ። የሰው ጥፋት ሳይቀር ትነጥቃለህ።

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ። አባባ የቤታችንን ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። አመጣነው። የቤተሰብ ሰው አይታከምም የሚለውን ደንብ ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ዋናው ሐኪም ዕረፍት ላይ ነበር፣ ቀልደኛው ዶክተር ደግሞ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ታካሚ ይዟል። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ይቻል ነበር ይላሉ አሁን፤ አሁን ማለት ቀላል ነው። አባባ ልጄ እያለ ሌላ ሰው ልቤን አይነካውም አለ፣ አንተም ሽርጥህን አጠለቅክ። ተረኛዋ ነርስ ዛሬስ እኔ ልቁጠር አለችኝ። እምቢ አልኳት። ይህ ጥፋት የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው፤ ወረቀትህ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

አባባ ጠረጴዛው ላይ ሲተኛ እንዴት አጭር እንደሆነ አየህ? እኔ ደነገጥኩ። ዕድሜ ልኬን ያኔ በረንዳው ላይ ቀና ብዬ ያየሁት ረጅም ሰውዬ ነበር የሚመስለኝ። ፓምፑን አዞርክ፣ መለኪያው ላይ ግፊቱ ደረሰ፣ ቁጠሪ አልከኝ። አንድ አልኩ። እስከ ሰባት ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ አባባ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እግሩ ተሰብሮ እያንጎራጎረ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ነው፤ ሲያመው አይቼው አላውቅም። ግንባሩ በላብ ተጥለቀለቀ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ፣ ሞኒተሩ ላይ ያለው የልቡ መስመር ወደ ላይ ተነሣ። ከስምንት በኋላ ከንፈሬ አልገጠመም። ሠላሳ አልኩ። አስተነፈስክ።

ፎቶ አነሣህ። ሥሩ ተከፍቷል፣ ደሙ ያልፋል። ለሌላ ታካሚ ቢሆን እርግጠኛ ለመሆን አንድ ጊዜ ደግመህ ትነፋለህ። የዚያን ቀን ይበቃል አልክ። ምስሉ ያምር ስለነበር ማንም ምንም አላለም። እኔም የሕክምናው ቅጽ ላይ «ሠላሳ ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩ። አባባ በማግስቱ ሙዝ ልጦ እየበላ፣ ልጆቼ ልቤን አድሰው ሰጡኝ እያለ ለዎርዱ ሁሉ ሲያወራ ዋለ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። የቀረውን ታውቃለህ። ስቴንቷ መሀሏ ላይ ወገቧ የታሰረ ያህል ጠብባ ቀርታለች፣ በዚያ ላይ ደሙ ረግቶባታል። ከልቡ ትንሽ ቦታ ሞተ። ዋናው ሐኪም የድሮውን ምስል አስከፈተ። የምስሉ ጥግ ላይ ሰዓት እንደሚጻፍ እንዴት ሁለታችንም ረሳነው? ፊኛዋ ከተነፋችበት እስከ ተነፈሰችበት አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ቅጹ ደግሞ ሠላሳ ይላል። አንተን ብቻ ጠራህ። አንተም ፈርመህ፣ መታወቂያህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ፣ ከከተማው ርቀህ ሄድክ።

መቼም ያሰላኸው ገብቶኛል። እኔ ዶክተር ነኝ፣ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ከክፍሉ ያግዱኛል፤ እሷ ነርስ ናት፣ ያባርሯታል፤ ልጅ የምታሳድገውም ብቻዋን ነው ብለሃል። ስሌትህ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ስሌትህ ውስጥ ሦስት ነገር አላስገባህም።

አንደኛው እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ሰዎች እጄን እየያዙ አይዞሽ ይሉኛል። ወንድሟ ጉድ የሠራት ምስኪን ሆኛለሁ። ተረኛዋ ነርስ ሻይ ይዛልኝ መጥታ፣ አንቺ እኮ በሥርዓቱ ነበር የቆጠርሽው ስትለኝ ሻዩን አፏ ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝም። ምን አደረገች እሷ? ያንተን ውሸት ነው ያመነችው። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ጠጣሁት።

ሁለተኛው አባባ ነው። አልጋው አጠገብ ቆመህ ለሐኪሙ ያልከውን ለእሱም ስትደግምለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ስትወጣ እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ አባቴ ጠላኝ ብለህ እንደወጣህ ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እንደ ስቶፕ ዎቹ ጊዜ ዝም አልኩ፤ ልዩነቱ ያኔ ማስቲካ ነበረኝ።

ሦስተኛው ደብተርህ ነው፤ ከሁሉ ይህ ነው ያናደደኝ። ቀልደኛው ዶክተር ሻይ ክፍል ውስጥ እግሩን ዘርግቶ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሲለን የነበረው ሰውዬ በገዛ አባቱ ላይ ሃያ እንኳ መድረስ አልቻለም፤ ሳይንስ ሳይሆን ወሬ ነበር አለ። ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ ወረቀቱ ከግድግዳው ተነሥቶ የለም፤ የተለጠፈበት ፕላስተር ብቻ ቀርቷል። አሁን ሁሉም ወደየፊናው ተመልሷል። ባለፈው ሐሙስ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ገባ፣ አምሳ ዓመት አይሞላውም፤ በአሥራ ሁለት ሰከንድ አስተንፍሰው ሸኙት። በሩ ላይ እጄን ይዞ አመሰገነኝ። ሲመለስ ማን ነው በሩ ላይ የሚቆመው? አንተ እኔን የሸፈንክ መስሎህ ሁለት ዓመት የለፋህበትን ቀበርከው። ደብተሩ ልክ እንደሆነ እኮ የአባባ ልብ ራሱ ምስክር ነው። ጥፋተኛው ያልሞላው ሰከንድ ነው እንጂ የሠላሳው ደንብ አይደለም። ይህን ማስረዳት የምችለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ አንተ አፌን ዘጋኸው።

ዋናው ሐኪም ሚዛናዊ ሰው ነውና ይህንንም ልንገርህ፦ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ብቻውን ይህን አደረገ ብዬ አልምልም አለኝ፤ የአባባ ሥር የደነደነ ነው፣ ሠላሳም ላይበቃው ይችል ነበር። ይህን የነገረኝ ሊያጽናናኝ ነው፤ የሚያጽናናው ግን የጥፋተኛውን እህት መስሎት ነው እንጂ ጥፋተኛዋን ራሷን አይደለም።

ሥሩ በምስሉ ላይ እንዲታይ የተሰጠው ቀለም ኩላሊቱን ስለሚያደክመው፣ እስኪያርፍ ጠብቀን ሰኞ ዕለት ደገሙለት። ዋናው ሐኪም ራሱ ሠራው። ጠንከር ያለች ፊኛ፣ ስልሳ ሰከንድ። ቆጠራውን ተረኛዋ ነርስ በስልኳ ያዘች፤ እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ነበር። የስልኩን ቁጥር ማየት አልችልም፣ ድምፅም አይሰማኝም። ዓይኔ ያረፈው የአባባ ፊት ላይ ነው። ፊኛዋ ስትነፋ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ የሚጸልይ መሰለኝ። ይከፈታል፣ ይገጥማል። ይከፈታል፣ ይገጥማል። ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ አንድም ሳይዘል ሄደ። በመጨረሻ ተረኛዋ ነርስ ከስልኳ ቀና አለች፤ የአባባ ከንፈርም የዚያኑ ጊዜ ገጥሞ ቀረ። ስልሳ።

እጄን አፌ ላይ ጭኜ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ገባኝ።

በማግስቱ ሁሉንም ነገርኩት። ወንበሩን አስጠግቼ፣ ዓይኑን ሳላይ፣ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ የሮጥኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ ምንም አላቋረጠም አልኩት። ብርድ ልብሱን እያስተካከለ አውቃለሁ አለኝ። አንቺ ሠላሳ ስትዪ እኔ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ አለኝ። እንደ ዋዛ ነው የተናገረው፤ የአውቶቡስ ሰዓት የሚነግረኝ ይመስላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሳምንት ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ በአባባ ላይ ጮሄ አላውቅም፤ ጎን ያለው በሽተኛ ጋዜጣውን አወረደ። ለምን እሱን ፊት ነሣኸው፣ ልጅህ ተሰብሮ ነው የሄደው አልኩት። ፊት የነሣሁት ሰከንዱ ስላጠረብኝ አይደለም፣ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ስለዋሸኝ ነው አለኝ። ስቶፕ ዎቹ ባልዲ ውስጥ የገባ ጊዜም እሱን የቀጣሁት ለሰዓቱ አልነበረም፤ ያን ቀን የአንቺ እጅጌ እስከ ክርንሽ ርሶ ነበር አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንድነግረው ጠብቆኛል።

ከዚያ ውኃ ስጪኝ አለ። ጠጣ። ብርጭቆውን እየመለሰልኝ፣ ሁለታችሁንም መቁጠር ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ስደርስ እግሬ ቆመ።

ስለ እኔ ቁጣ ግልጽ እንሁን። አሁንም አልበረደም። ሳትጠይቀኝ መፈረምህ፣ ስልክህን መዝጋትህ፣ እኔን ዕድሜ ልኬን የስምንት ዓመት ልጅ አድርገህ መያዝህ፣ አንዱንም ይቅር አላልኩህም። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ቅጹ የእኔ ነው፣ ቆጠራው የእኔ ነው እላለሁ። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ደብተርህን ከመሳቢያህ አውጥቼዋለሁ፣ እሱንም ይዤ እገባለሁ። ወረቀቱ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ሳይለጠፍ ከዚያ ክፍል አልወጣም።

ግን አንድ ነገር ከኮሪደሩ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ያን ማክሰኞ በዓይነ ሕሊናዬ ደጋግሜ አየሁት። ሃያ ዘጠኝ ስል እጅህ የፓምፑ መዘውር ላይ ነበር። ሠላሳ ስል ቀና ብለህ አላየኸኝም። አንተ ደግመህ የማትነፋ ሰው አይደለህም። በበረንዳው ላይ ጀርባህን ሰጥተህ ደቂቃ የምትመታ ልጅ ነበርክ።

እኔ ሠላሳ አልኩ። አባባ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበር። አንተ ስንት ላይ ነበርክ?

መልሱን በስልክም በደብዳቤም አልፈልገውም። ለእኔ ብለህም አትምጣ። ይህን ስጽፍ አባባ ከአልጋው ሆኖ ለእሱ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሰላም በዪው አለ፤ ከወር በላይ ስምህን ያልጠራ ሰው። ቀጥሎ ደግሞ ሲመጣ ቁጥሩን ይዞ ይምጣ አለ፣ አንድ ወንበርም ወደ አልጋው አስጠጊ ብሎኝ አስጠግቻለሁ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ትከሻህን ይማርልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፤ ያ እጅ ገና ብዙ ልብ ይከፍታል፣ ባልወድህ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ምግብ በሰዓቱ ብላ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው።

የተናደደችብህ
እህትህ